ልጃችሁ አፉን እንዲፈታ ብላችሁ ጌም ከመጫናችሁ በፊት

ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት የምትናገራቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። «እማ»፣ «አባ»፣ «እንቢ»፣ ውሃ ስትፈልግ ደግሞ «ዋ»። የቀረውን ሁሉ በጣቷ ታሳያለች። ካልገባን እጃችንን ይዛ ትጎትታለች። እሱም ካልሆነ መሬት ላይ ተንከባላ ታለቅሳለች። የምንላት ግን ይገባታል። «ጫማሽን አምጪ» ስትባል ታመጣለች። «አያትሽ መጡ» ሲባል ወደ በር ትሮጣለች።

አሁን አራት ዓመት አልፏታል። ታወራለች፣ የዋለችበትን ትናገራለች፣ ከወንድሟ ጋር ትከራከራለች። አንዳንድ ድምፆች ገና አልጠሩላትም፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ይህን የምጽፈው በሥራዬ ምክንያት ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። እናቶችና አባቶች ይመጡና «ልጄ አፉን አልፈታም፤ የሚያናግር ጌም ካለ ጫንልኝ» ይሉኛል። አንዳንዶቹ ሲናገሩ እንባ ይቀድማቸዋል። ስሜቱን አውቀዋለሁ። ግን ስልክ እየፈታሁ፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ቆሜ የማስረዳው ነገር አይደለም። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ያለፍንበትን ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ዋናውን አስቀድሜ ልበል። ጌም ብቻውን ልጅን አያናግርም። የሚያናግረው አብሮት የሚቀመጠው ሰው ነው። ጌሙ የሚጠቅመው ለሁለቱ የጋራ ጉዳይ ስለሚሰጣቸው ነው። ልጁ የሚወደው ነገር አለ፣ እናንተም እዚያው አላችሁ፣ የሚነገር ነገር ይፈጠራል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ለልጄ በጣም ረድቷታል። ስልኩን ለልጁ ሰጥቶ ወደ ማድቤት መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከጌም በፊት ግን ጆሮ ይቀድማል።

እኛ ቤት ምክር የማይሰጥ አልነበረም። አማቴ «እናቷም ዘግይታ ነው አፏን የፈታችው፣ ተዋት» ይሉ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን «ምላሷ ታስሮ ነው፣ ይፈታላት» አሉ። ሌላዋ «እንጥሏን አስቆርጧት፣ ወዲያው ነው የምትናገረው» አሉ። ሁሉም የሚናገሩት ስለሚወዷት ነው። ግን እንጥል ማስቆረጥ ንግግር አያመጣም። ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ሕፃን ሊሞት ይችላል። እባካችሁ አታድርጉት። ከምላስ ሥር ያለው ክር ያጠረበት ልጅም ቢሆን አንዳንድ ድምፅ ላይ ይቸገር ይሆናል እንጂ በዚያ ምክንያት መናገር ሳይጀምር አይቀርም። ጸበል ወስደናታል፤ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ሄዷል፣ ምንም አልተጋጨም።

የሕፃናት ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዘው የጆሮ ምርመራ ነበር። ባለቤቴ «ስንጠራት ትዞራለች እኮ» አለችው። እሱም መዞሯ ቃሉን አጥርታ ለመስማቷ ማስረጃ እንደማይሆን አስረዳን። ሲታይ ከታምቡሯ ጀርባ ፈሳሽ ተገኘ። ልጄ ጉንፋን ይደጋግማት ነበር። መካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ በሕፃናት ላይ አጭርና አግድም ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል፤ ፈሳሹም እዚያው ይቀራል። ያኔ ልጅ የሚሰማው ውሃ ውስጥ ጠልቆ ከላይ የሚያወሩትን እንደሚሰማ ሰው ነው። ድምፅ አለ፣ ቃል ግን አይለይም። በአብዛኞቹ ልጆች ፈሳሹ በሦስት ወር ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ የአንገት በላይ ሐኪም ሌላ መፍትሔ አለው። የልጄ ጠፋ። ቃላቱ ግን ወደ ኋላ ቀርተው ነበርና ማገዝ ያስፈልግ ነበር።

በቅርባችን የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ልናገኝ አልቻልንም። በአገራችን የሠለጠኑት ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በየሳምንቱ የሚመላለሱበት መንገድ አይደለም። ሄደን አንዲት ባለሙያ አየቻት። ከዚያ በኋላ በቴሌግራም ቀጠልን። ከልጄ ጋር ስንጫወት አጭር ቪዲዮ ቀርጸን እንልካለን፣ እሷም አይታ በድምፅ ትመልሳለች። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት በተራ ስልክ እየደወልን ነበር የምንነጋገረው። ልጅ ያላችሁና ሩቅ ያላችሁ ሰዎች ይህን አማራጭ ጠይቁ። ባለሙያዋ የምታየው ልጁን ብቻ አይደለም፣ እናንተ እንዴት እንደምታወሩትም ነው።

ስለ ስልክ የጠየቅኋት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነውና። «ስልኩን ከቤት አውጡ አልልም። ስልኩን ማን እንደያዘው ግን ልወቅ» አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውን መመሪያም ነገረችኝ። የአንድ ዓመት ልጅና ከዚያ በታች ያለ ስክሪን ፊት መቀመጥ የለበትም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥ፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ቴሌቪዥኑም ከዚሁ ሰዓት ላይ ይቆጠራል። እኛ ቤት ጠዋት ትንሽ፣ ማታ ከእራት በፊት ትንሽ አልን። እያንዳንዱ ከ10 ደቂቃ አይዘልም። ከእንቅልፍ በፊት ስልክ የለም።

አሁን ወደ ጨዋታዎቹ ልግባ።

መጀመሪያ የሠራልን የበር ጨዋታ ነው። እንዲህ ያሉ ብዙ አፖች አሉ። የከብት በረት በር ይንቀጠቀጣል። ከውስጥ የእንስሳ ድምፅ ይሰማል። በሩን ሲነኩት ይከፈትና ላሟ ወይም ዶሮዋ ትወጣለች። ሌላ ምንም የለውም። ነጥብ የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ የሚለፈልፍ ሰው የለ። የወደድኩትም ለዚህ ነው። ጌሙ ዝም ስለሚል ለእኛ ቦታ ይተዋል።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ልጄ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፣ ጎኔ ወይም ጭኔ ላይ አይደለም። ስልኩን እኔ እይዘዋለሁ፣ አገጬ አጠገብ። እንዲህ ሲሆን ስልኩን ስታይ አፌንም ታያለች። በሩ ሲንቀጠቀጥ «ማነው?» እላለሁ። ከዚያ «ክፈት!» እልና እከፍታለሁ። ላሟ ስትወጣ «ላም! እምቧ!» እላለሁ። ይህን ጥቂት ጊዜ ሳደርግ ልጄ ዝም ብላ ታያለች። ከዚያ በሩ ሲንቀጠቀጥ ጣቴን አስጠግቼ አቆማለሁ። አልነካውም። ዓይኗን እያየሁ እጠብቃለሁ።

ከባዱ ይህ መጠበቅ ነው። እኛ ትልልቅ ሰዎች ዝምታ ያስጨንቀናል። ልጁ ሳይመልስ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመን እንጠይቃለን፣ ከዚያ ራሳችን እንመልሳለን። ባለሙያዋ በሆዳችሁ እስከ 10 ቁጠሩ አለችን። ቁጠሩ፤ በጣም ይረዝማል። ግን መናገር የሚቸገር ልጅ ቃሉን ፈልጎ፣ አፉን አዘጋጅቶ፣ ድምፁን ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ልጄ መጀመሪያ እጄን ገፋች። ቀጥሎ «እእ!» አለች። ያንንም ተቀበልኩ፤ «ክፈት!» ብዬ ከፈትኩ። ውላ አድራ «ፈት» አለች። ባለቤቴ ከማድቤት ሰምታ እጇን ሳታደርቅ ሮጣ መጣች።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። «ክፈት በይ! በይ እንጂ! ካላልሽ አልከፍትም!» አትበሉ። ጨዋታው ፈተና ከሆነ ልጅ አፉን ይዘጋል። ከጠበቃችሁ በኋላ ምንም ካልመጣ ቃሉን እናንተ ብላችሁ ክፈቱ። ነገ ደግሞ አለ። «ይሄ ምንድነው? ይሄስ?» እያሉ ማከታተልም አይጠቅምም። የሚያውቀውን ስም ስትጠይቁት ልጁ የሚነግራችሁ አዲስ ነገር የለም። ከመጠየቅ ይልቅ የምታዩትን ተናገሩ። ሲሳሳትም አታርሙት። «ዶዮ» ቢላችሁ «ዶዮ አይባልም» አይደለም መልሱ፤ «አዎ፣ ዶሮ! ዶሮ መጣች» ነው። ትክክለኛውን ይሰማል፣ አንድ ቃልም ይጨመርለታል። ልጁ አንድ ቃል ሲል እናንተ ሁለት፣ እሱ ሁለት ሲል እናንተ ሦስት። ከዚያ በላይ አትርዘሙ።

ከስልኩ በኋላ ያለው ክፍል ነው ደግሞ ውጤቱን ያመጣው። የበሩ ጨዋታ ሲያልቅ ስልኩን አስቀምጠን ያንኑ ቃል ቤት ውስጥ እንፈልጋለን። ቁም ሣጥኑ ይከፈታል። የብስኩት ጣሳ ይከፈታል። ጣሳውን አጥብቄ ዘግቼ እሰጣታለሁ፤ መክፈት ስለማትችል ትመልስልኛለች፤ እጠብቃለሁ፤ «ፈት!»። አኩኩሉም ተጫወትን። መጋረጃ ጀርባ እደበቃለሁ፤ ወንድሟ «አኩኩሉ!» ይላል፤ እኔ «አልነጋም!»። እየቆየ ወንድሟን ተከትላ «ኩኩ!» ማለት ጀመረች። በመጨረሻ ስትደበቅ እሷ ነበረች «አነጋም» የምትለው። በስልኩ የተጀመረው ተራ መጠበቅ እዚህ ላይ ሙሉ ጨዋታ ሆነ። ቃሉ ከስልኩ ካልወጣ የስልኩ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ቶኪንግ ቶም የሚባለው የምትናገር ድመት ጨዋታ ነው። ድመቷን የማያውቃት ቤት ያለ አይመስለኝም። የስሎቬኒያው ኩባንያ አውትፊት ሰቨን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ነው። የምትሉትን በቀጭን ድምፅ ይደግምላችኋል። ልጄ ሰው ፊት ድምፅ ለማውጣት ታፍር ነበር። ድመቷ ፊት ግን አታፍርም። «ባባባ» ትላለች፣ ድመቷ «ባባባ» ትላለች፣ ትስቃለች፣ ይደገማል። ብዙ ድምፅ እንድታወጣ አደፋፍሯታል። አብረን ስንጫወት በተራ እናደርገዋለን። አንዴ እኔ፣ አንዴ እሷ፣ አንዴ ወንድሟ። «ያንቺ ተራ» የሚለውን እዚያ ነው የተማረችው።

ነገር ግን ሁለት ችግር አለው። የድመቷ ድምፅ የተጣመመ ስለሆነ አነጋገር መማሪያ አይሆንም። ትክክለኛውን ድምፅ ከእናንተ ነው መስማት ያለባት። ሁለተኛ ማስታወቂያው ብዙ ነው፤ የማይሆን ነገር ይከፍታል፣ ግዙ ይላል። ስለዚህ ዳታና ዋይፋይ አጥፍታችሁ ነው የምትሰጡት።

ሦስተኛው እኛው የሠራነው ነው፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የውጭ አፖች አማርኛ አይናገሩም። ላሟ «ሙ» ትላለች፣ አውራ ዶሮው በእንግሊዝኛ ይጮኻል፣ ቤቱ የጭስ ማውጫ ያለው የፈረንጅ ቤት ነው። ልጄ የምታውቀው ጀበና፣ መሶብ፣ ባጃጅና የአያቷ ነጠላ ነው። ስለዚህ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ጫማዋን፣ ኩባያዋን፣ የኛን ድመት፣ ሰፈር የሚቆም ሰማያዊ ባጃጅ፣ እሁድ የምናልፍበትን የጃንተከል ዋርካ። በኮምፒውተር ፓወርፖይንት ላይ አንድ ገጽ ላይ አንድ ፎቶ አስቀመጥኩ። ፎቶው ሲነካ የሰው ድምፅ እንዲያሰማ አደረግኩ። አያቷ «ጀበና» ብለው ቀዱልኝ፤ ወንድሟ «ባጃጅ፣ ቡርርር!» አለ፤ እናቷ «ነይ፣ እንሂድ!» አለች። ወጪ የለውም። ኮምፒውተር የሌለው በስልኩ አጫጭር ቪዲዮ ቀርጾ አንድ ፎልደር ውስጥ ቢያስቀምጥ ያው ነው።

የምትመርጧቸው ቃላት ላይ ግን አስቡበት። ሱቄ ከሚመጡት ልጆች ውስጥ በእንግሊዝኛ እስከ 20 የሚቆጥሩ፣ ቀለም ሁሉ የሚያውቁ፣ ግን «ውሃ ስጪኝ» ማለት የማይችሉ አሉ። ወላጅ «ጎበዝ ነው፣ ብቻ አይናገርም» ይላል። ቁጥርና ቀለም ልጅ የሚፈልገውን አያስገኝለትም። መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ሥራ የሚሠሩ ቃላት ናቸው። ስጠኝ፣ ክፈት፣ ድገመው፣ ሌላ፣ በቃ፣ እንቢ፣ ና፣ የኔ፣ ውጪ፣ አለቀ። ልጁ አንዱን ብሎ ነገሩ ሲሆንለት የመናገርን ጥቅም ያየዋል። እኛ ፊኛ የሚያፈነዳ ቀላል ጨዋታ ነበረን፤ ሲፈነዳ «ጧ!» እንላለን፤ ሲያልቅ «አለቀ»፤ እንደገና ስትፈልግ «ድገመው»። ከነሱ ሦስት ቃላት ሌላ ምንም አላስተማርንበትም፤ በቂ ነበር።

ልጃቸው ድምፅ ጨርሶ ለማያወጣ ወላጆች ደግሞ ሌትሚቶክ የሚባል ነፃ አፕ አለ። ጌም አይደለም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች አሉት፣ የራሳችሁንም ፎቶ ትጨምሩበታላችሁ፤ ልጁ ሥዕሉን እየነካ የሚፈልገውን ይናገራል። ብዙ ሰው «በሥዕል ከለመደ መናገሩን ይተወዋል» ብሎ ይፈራል። ጥናቶች የሚያሳዩት ይህ እንደማይሆን ነው፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ልጆች ላይ ንግግር ይጨምራል። መግባባት የቻለ ልጅ ይረጋጋል፣ ለመሞከርም ይደፍራል።

እኔ የማልጭናቸውም አሉ። ያለማቋረጥ የሚያወሩና የሚዘፍኑ፤ ልጁ መሃል ላይ አንድ ቃል የሚያስገባበት ቦታ የላቸውም። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ራሱ ሌላ የሚከፍት፤ ማቆሚያ የለውም። የትም ቢነኩት ርችት የሚተኩስና የሚያጨበጭብ፤ ልጁ ባይናገርም ይሸለማል። «የልጅዎን አነጋገር እናርማለን» የሚሉትን ደግሞ አትመኑ። ድምፅ የሚለዩት ፕሮግራሞች የትንንሽ ልጆችን ንግግር በደንብ አይለዩም፤ አማርኛ ሲሆን ይብሳል። ልጁ በትክክል ተናግሮ ማሽኑ «ተሳስተሃል» ቢለው የሚሰማውን አስቡት።

ስለ ስልኩ አዘገጃጀት ከሙያዬ ልንገራችሁ። አሮጌ ስልክ ካላችሁ ለዚህ ሥራ እሱን ተጠቀሙ። ሲም ካርዱን አውጡ። የማያስፈልገውን ሁሉ፣ በተለይ የቪዲዮ አፖችን፣ አጥፉ ወይም ደብቁ። በገጹ ላይ ሦስት አራት ጨዋታ ብቻ ይቅር። ጨዋታ ከመጫናችሁ በፊት ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ አረጋግጡ፤ ከዚያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። እንዲህ ሲሆን ብዙው ማስታወቂያ ይጠፋል፣ ኔትዎርክ በጠፋ ጊዜም ጨዋታው አይቋረጥም። አንድሮይድ ላይ ስክሪን ፒኒንግ ወይም አፕ ፒኒንግ የሚል ሴቲንግ አለ፤ አይፎን ላይ ጋይድድ አክሰስ ይባላል። ይህን ስታበሩት ልጁ ከጨዋታው ወጥቶ ሌላ ነገር በቀላሉ መክፈት አይችልም። ድምፁን ቀንሱት፣ ከእናንተ ድምፅ በላይ መሆን የለበትም። ብርሃኑንም ቀንሱት። ጌም በዜንደር ከሰው ስልክ ከመቀበል ከፕሌይ ስቶር አውርዱ፤ ሱቅ የሚመጣው በቫይረስ የተያዘ ስልክ ብዙው በዚያ መንገድ የመጣ ነው።

ስልኩን ሲወስዱበት የሚያለቅሰው ልጅ ጉዳይ የብዙ ቤት ጭንቀት ነው። እኛን የረዳን ማብቂያውን የጨዋታው አካል ማድረግ ነው። «አንድ በር ቀረ» እላለሁ። ተከፍቶ ሲያልቅ «ቻው ላም፣ ቻው ዶሮ» እንላለን፣ ስልኩን እሷ ራሷ መሳቢያ ውስጥ ታስገባዋለች። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቃታል። የጎረቤት ዶሮ ማየት፣ ብስኩት፣ ኳስ። ባዶ እጇን አንተዋትም። መጀመሪያ ሰሞን አልቅሳለች። ያለ ማንገራገር በዚያው ስንጸናባት ለመደችው።

ታላቅ ወንድሟን አለመጥቀስ አይሆንልኝም። በመጀመሪያ እሱ ይቀድማት ነበር፤ ሳትናገር ይናገርላታል። «ውሃ ነው የፈለገችው» ይለናል። ባለሙያዋ ሥራ ስጡት አለች። የጌሙ ዳኛ አደረግነው። ተራ የሚጠብቀው፣ በሆዱ የሚቆጥረው እሱ ሆነ። ልጆች ከወላጅ ይልቅ ልጅ መኮረጅ ይወዳሉ። ብዙዎቹን ቃላት የወሰደችው ከሱ ነው።

መቼ ነው ሐኪም ጋ የሚኬደው? አትጠብቁ። አንድ ዓመት ሞልቶት የማያመላክት፣ እጁን የማያወዛውዝ፣ «ባባ ማማ» እያለ የማይንተባተብ ልጅ ይታይ። አንድ ዓመት ተኩል ሆኖት አንድም ቃል የሌለው ይታይ። ሁለት ዓመት ሆኖት «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ» ብሎ ሁለት ቃል የማያገናኝ ይታይ። ይናገር የነበረውን ቃል የተወ ልጅ በየትኛውም ዕድሜ ቶሎ ይታይ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ሰውን ዓይን ለዓይን የማያይ ልጅም እንዲሁ። ምክንያቱ ጆሮ ሊሆን ይችላል፣ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፣ የላንቃ መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ የተለያየ እርዳታ ነው የሚፈልገው፣ ጌም አንዱንም አይተካም። ለኦቲዝም አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ። እሳቸው በፊደላችን ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚባል ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተው አልፈዋል። እዚሁ ጎንደር ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሥራት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ጀምሯል፤ ሰው የዕለት ተዕለት ነገሩን ራሱ እንዲያደርግ የሚያግዝ ሕክምና ነው። ለአካል ጉዳተኞች ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ሥራም አለው። ባለሙያዎቹ የንግግር ሐኪም ባይሆኑም ልጅን በጨዋታ ማገዝ የሚያውቁ ናቸውና ጠይቁ።

አሁን ልጄ ያለችበትን ልንገራችሁ። «ር»ን «ል» ትለዋለች። ባለሙያዋ በዚህ ዕድሜ ብዙ የአማርኛ ልጆች እንዲህ ስለሚሉ አታስጨንቋት አለች። «ቀ»ም ወደ «ጠ» ይሄድባታል። ለመጫወት ያህል ግን አንድ ነገር ሠራሁ። በዚያው በፓወርፖይንት ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አደረግኩ። አንዱ የበራ አምፖል ነው፣ ሌላው እንጀራ የሚበላ ወንድሟ። እኔ «በራ» ስል አምፖሉን ትነካለች፣ «በላ» ስል ወንድሟን። መጀመሪያ በጆሮዋ መለየት አለባት፤ መናገሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሳትሳሳት መለየት ስትችል ተራ ቀየርን። አሁን የምትናገረው እሷ ናት፣ የምነካው እኔ። አምፖሉን ፈልጋ «በላ» ስትል ወንድሟን እነካለሁ። «አይደለም! መብራቱ!» ትለኛለች፣ በጣም እርግጠኛ ሆና። ከዚያ እንደገና ትሞክራለች። ምላሷን ወደ ላይ ስታነሳ ይታየኛል። «ተሳሳትሽ» ያላት የለም። ያልገባኝ መሆኑን ራሷ አይታ ታስተካክላለች። ለጊዜው አንዳንዴ ይወጣላታል፣ አንዳንዴ አይወጣም።

የሚቀጥለው «ቀባ» እና «ጠባ» ነው። የሚቀባውን አግኝቻለሁ፤ ጎረቤታችን ግድግዳ ሲያስቀቡ ፎቶ አነሳሁ። የሚጠባ ጥጃ ለመቅረጽ ቅዳሜ ልጄን ይዤ አዘዞ ዘመድ ቤት እሄዳለሁ።